መነጽሬ የጽጌ ጆሮ ላይ

በኛ ጊዜ እኮ፣ እዚህ አትላንታ ጌጥ የሚሠራ ሐበሻ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መኩሪያ፣ የኔው ደባል። ብሩክሄቨን አፓርታማ ይዘን፣ ጥበቷን ምን ልበላችሁ፣ አንዳችን እንድንተነፍስ ሌላችን በረንዳ መውጣት ነበረብን። አትሳቁ። ታዲያ መኩሪያ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፍ ይውልና፣ ሲገባ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ መዶሻና ጉጠቱን ይዘረጋል። ብሩን ከየት ያመጣል አትሉኝም? ሊልበርን ሰፈር ያርድ ሴል፣ ማለት ግቢ ላይ በሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሰዎቹ የአያቶቻቸውን የብር ማንኪያ ሲሸጡ ይገዛና፣ አቅልጦ፣ ስቦ ስቦ ሽቦ ያደርገዋል፤ ሽቦውማ ከመቅጠኑ የተነሳ አንዴ ጠፍቶን በድምፁ ነው ያገኘነው።

እና አንድ እሁድ ይቺ ጽጌ፣ ይኸው እዚህ ተቀምጣለች፣ ከዋሸሁ ትመስክርብኝ፣ ጆሮዋን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ሰርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

"ጋሼ መኩሪያ፣ የጆሮ ጌጥ ይሠሩልኛል?"

"ጆሮሽን አሳዪኛ።"

ሻርፑን ጠበቅ አደረገች። እኔ ወጥ የማማስል መስዬ ጠጋ አልኩ። ሻርፑን ስታነሳው ለካ በልጅነቷ ከእህቷ ጋር ሲታገሉ ሎቲው ተጎትቶ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ለሁለት ተተርትሯል።

"ለሰርጌ ፀጉሬን ወደ ላይ ነው የምሠራው፣ ጆሮዬ ይታያል። ባዶውን ከሆነ ሰው ሁሉ እሱን ያያል፣ ጌጥ ካደረግኩ ደግሞ እስክስታ ስመታ ይወድቃል። በገዛ ሰርጌ ቆሜ ላጨብጭብ?"

መኩሪያ መጀመሪያ ብር አይነካም። ጆሮ ቆንጥጦ የሚይዝ ነገር ከቆርቆሮ ሠራና፣ ለክብደት ሽምብራ አንጠለጠለበት። ታዲያ በማን ጆሮ ይሞከር? ቤት ውስጥ ያለው ትርፍ ጆሮ የኔ ነው።

"ታደሰ፣ ተነስና እስክስታ ምታ።"

"ያለ ሙዚቃ?"

"እኔ አጨበጭባለሁ።"

መታሁ። ሽምብራው ተፈናጥሮ ወጡ ውስጥ ገባ። "በምስር ሞክረው" አልኩት። "ምስር ይቀላል፣ አይወዛወዝም። የማይወዛወዝ ከሆነማ ፕላስተር ለጥፌ ልስደዳታ" አለኝ። እና ሳምንት ሙሉ ከታክሲዬ ወርጄ ስጨፍር፣ ታች ቤት ያለው አሜሪካዊ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድብ፣ እኔ ደግሞ ምቱ ተመችቶኝ በሱ ስጨፍር። በመጨረሻ ሰውየው መጥቶ አንኳኳ።

"ምንድነው የምትሠሩት?"

"ጌጥ" አለው መኩሪያ።

ሰውየው ጆሮዬ ላይ ያለውን ሽምብራ አየና፣ በሩን ራሱ ቀስ አድርጎ ዘግቶልን ሄደ።

በስምንተኛው ቀን ሽምብራው እንደ ልማዱ በረረ። መኩሪያ ግን ሽምብራውን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

"መነጽርህ ለምን አልወደቀም?"

"ምን አውቄ? ጆሮዬ ላይ ተቀምጧላ።"

"አዎ፣ ተቀምጧል። እኛ ከታች ስንቆነጥጥ ከረምን፣ እሱ ከላይ ተቀምጧል" አለና መነጽሬን አውልቆ፣ ቀጭ፣ ክንዱን ሰበረው።

"ሳትሰብር መለካት አትችልም?"

"ብይዘው ነው የሚገባኝ።"

ከዚያ ነው ብር የነካው። ሽቦውን እንደ መነጽር ክንድ አጎበጠው፤ ከጆሮዋ ኋላ ተነስቶ፣ በላይ ዞሮ፣ ወደ ፊት ይወርድና ልክ በስንጥቁ መሀል ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ሽምብራ የምታክል የብር ጠብታ። ስንጥቁን አልደበቀውም፣ መንገድ አደረገው እንጂ።

የሰርጉ ቀን ጽጌ መጀመሪያ ትከሻዋን ቀስ፣ ቀስ። ደርቃለች፣ እጇ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። መኩሪያ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉን ነው የሚያየው፣ ድንገት ቢወድቅ ሊያነሳ። እኔ ፊት ለፊቷ ገብቼ፣ ባለ አንድ ክንድ መነጽሬን በክር አስሬ፣ ስመታ፣ ስመታ፣ እሷም ረሳችውና ለቀቀችው። አዳራሹ ተንቀጠቀጠ፣ ሰባት ሴት ሎቲ ጣለች፣ የሷ ንቅንቅ የለም። ሙሽራው መጥቶ፣

"ጋሼ፣ ሙሽራዬ ላይ ምን ያፈጣሉ?" አለኝ።

"አንተ ሙሽራህን እይ" አልኩት። "እኔ የማየው መነጽሬን ነው።"

(ሳቅ። ጽጌ ከአጠገቡ ሆና ትመልሳለች፤) "ጋሽ ታደሰ፣ መነጽርዎ እኮ ድሮም በክር የታሰረ ነበር። ሰባት ሴትም ሎቲ አልጣለችም፣ አንዷ ብቻ ነች።"

"እሺ፣ ሌላውስ?"

"ሌላው…" አለችና ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። "የብሩ ሽምብራ ይኸው።"