የጋሽ ተይዟል ወንበር

ውድ ለቀስተኞች፣ አባታችንን ለመሸኘት ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ከልብ እያመሰገነ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ያሰማችኋል።

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከእናታቸው፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የቤቱን ግማሽ የስፌት መኪናውና የጨርቁ ክምር ስለያዘው፣ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ እየተፈራረቁ፣ አንዱ ሲያጠና ሌላው እየተኛ አደጉ። ትምህርት ቤቱም ቢሆን ከቤቱ የሚሻል አልነበረም፤ ተማሪው ከአግዳሚ ወንበሩ ስለሚበልጥ የዘገየ መሬት ይቀመጥ ነበርና፣ ታላቅ ወንድማቸው በጠዋት ሮጠው ሄደው፣ ኮታቸውን አግዳሚው ላይ ዘርግተው፣ የመጣውን ሁሉ "ተይዟል!" እያሉ ይመልሱላቸው ነበር። እንቅልፋሙ አባታችን አንድም ቀን መሬት ሳይቀመጡ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ሁለቱም ወንድማማቾች በተራቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ታላቅየው የድንጋይና የማዕድን መምህር ሲሆኑ፣ አባታችን እዚያው በሕንፃ አስተዳደር ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ለእኛ ለልጆቻቸው ለረጅም ጊዜ ግራ ነበር። የሌላው ሰው አባት ሐኪም ነው፣ ሹፌር ነው ሲባል፣ እኛ "አባባ በር ከፍቶ ያያል" ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም። ነገሩ የገባን ካደግን በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍል ጠበበኝ እያለ አዲስ ሕንፃ ሲጠይቅ፣ አባታችን ከበር በር እየዞሩ፣ በፕሮግራሙ ላይ ሞልቷል የተባለው አዳራሽ ሰው የሌለበት፣ ከጎኑ ያለው ክፍል ደግሞ ተማሪ በመስኮት የሚማርበት ሆኖ ያገኙት ነበር። በሩን ቆርቆር አድርገው አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ "ተይዟል?" ስለሚሉ፣ ተማሪዎች "ጋሽ ተይዟል" አሏቸው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ያኔ ተማሪ የነበሩትን እናታችንን ያገኟቸውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ቢያዩዋቸው እንደልማዳቸው "ተይዟል?" አሉ፤ እናታችንም "እኔ አለሁበት አይደል እንዴ!" አሏቸው። ለካስ ትምህርቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ፣ ለእናታችን የነገራቸው ሰው አልነበረም። አባታችን መዛወሩን እያወቁ፣ በሳምንቱ እዚያው ተቀምጠው ዳግም እስኪያገኟቸው ድረስ ለምን እንዳልነገሯቸው እናታችን ቢጠይቁ፣ ቢጠይቁ፣ የረባ መልስ ሳያገኙ ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

በቤታችን ወንበር ላይ ቦርሳ ማስቀመጥ ክልክል ነበር። "ቦርሳ ምን ይደክመዋል? ሰው ይቀመጥበት" ይሉን ነበር። ለማይመጣ ሰው ቦታ መያዝ፣ ለሳቸው፣ የቆመን ሰው እንደ መስረቅ ነበር።

በዚህም ሐሳባቸው ከወንድማቸው ተለያዩ። የወንድማቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት ሰፊ ክፍል አብዛኛውን ሳምንት ተቆልፎ ሲውል፣ የነርስ ተማሪዎች ግን ቆመው ይማሩ ስለነበር፣ አባታችን ክፍሉ ለነርሶቹ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተሰጠም። ድንጋዮቹ በሣጥን ታሽገው ምድር ቤት ወረዱ። ታላቅ ወንድማቸው ደጃችን ድረስ መጥተው፣ ሳይገቡ፣ "እኔ ለአንተ ቦታ ስይዝ አደግሁ፤ አንተ የእኔን ለሰው ሰጠህብኝ" ብለው ሄዱ፤ ዳግም ደጃችንን አልረገጡም። ማን ልክ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልለየልንም። ነርሶቹ ተቀምጠው ተማሩ፤ ድንጋዮቹም እስከ ዛሬ እንደታሸጉ ናቸው።

አባታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ዕረፍታቸው ሲቃረብ እናታችንን ጠርተው፣ "የቀብሬ ለት ለወንድሜ ከፊት ወንበር ያዙለት" አሏቸው። እናታችን ግራ ገብቷቸው "ካልመጣስ? ሰው ቆሞ?" ቢሏቸው፣ "ቢቆምም ያዙለት" አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የከለከሉትን ነገር ያዘዙት እሳቸው ይሁኑ ወይስ ሕመሙ፣ ቤተሰቡ ሲከራከርበት ሰነበተ፤ እሳቸውም በትናንትናው ዕለት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። እናታችን ለአባታችን ወንድም ስልክ ደወሉ። አነሱት፣ ሰሙና ዘጉት። ይምጡ አይምጡ አናውቅም።

አባታችን ከኋላቸው የትዳር ጓደኛቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ታላቅ ወንድማቸውን ከእነዚህ ጋር በስም እንጥራቸው ወይስ እንተዋቸው ብለን ብንቸገር፣ እናታችን "እንዴት ይተዋሉ?" ስላሉን፣ ታላቅ ወንድማቸውንም ትተዋል።

ለሰው ሁሉ መቀመጫ ሲፈልጉ የኖሩትን አባታችንን ፈጣሪ ከማይጠበው ቤቱ ያስገባልን፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ከኋላ የቆማችሁ ወገኖቻችን፣ እግራችሁ እንደዛለ እናያለን፤ ይቅር በሉን። ከፊት፣ እናታችን ዛሬ ጠዋት የአባታችንን ኮት የዘረጉበት ወንበር ተይዟል።