ሞቅ ያለ የሰሊጥ ዘይት

ከኧርቪንግ ወደ ዳላስ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ባልሽ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ኤ ኤል ኤስ በሚሉት፣ ጡንቻ በሚያደክመው በሽታ ምክንያት አሁን እጁንም ማንሳት አቃተው።»

«ህንዶቹ ጋ ወሰድሽው ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ፣ አዩርቬዳ የሚሉት የባህል ሕክምናቸው ጋ። ሐኪሙን ጠይቄ ነው፤ ማሳጁ ኦኬ ነው፣ የሚዋጥ ነገር ግን እንዳትሰጪው አለኝ።»

«ሶ፣ ያድነዋል?»

«አያድነውም። የምታሸው ሴትዮም ገና ስንገባ ነግራናለች።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«እጁን በሁለት እጇ ይዛ ሰላም አለችው። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ ስታሸው አለቀሰ። አሳመመችው ብዬ ልቆጣ ስል፣ እየተኮላተፈ ‹ተያት፤ ከታመምኩ ወዲህ እጄን ይዞ ሰላም ያለኝ እሷ ብቻ ናት› አለኝ።»

«እንዴ! የቤተ ክርስቲያን ሰው በየሳምንቱ ይመጣ የለ እንዴ?»

«ይመጣል። እጁ ስለማይነሳ ከበሩ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉታል። ሲነኩት የማይሰማው ይመስላቸዋል። መንቀሳቀስ ነው እንጂ ያቃተው፣ ስሜቱ እኮ አለ።»

ጠያቂዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ባለፈው እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

«አውቃለሁ። ነግሮኛል።»

እኔም ከሩቅ ጎንበስ ብዬ ያለፍኳቸው ሕመምተኞች ትዝ አሉኝ። እጆቼን ከጃኬቴ ኪስ አወጣኋቸው።