በምስጋና ፋይል ውስጥ የተገኘ አቤቱታ

በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት አልወድም፤ ጆሮዬ ግን አይታዘዘኝም። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። በዚያን ዕለት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የሄድኩት የቅጾችን ናሙና ለማስፈረም ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ አዛውንትና ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊታችን የማመልከቻ መቀበያው መስኮት አለ፤ ከበላዩ ሰዓት ተሰቅሏል። ለአሥራ አንድ ሃያ ደቂቃ ይቀራል። መስኮቱ በአሥራ አንድ ይዘጋል፤ ቀኑም የመጨረሻው ነው።

አዛውንቱን በዓይን አውቃቸዋለሁ። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። የጻፉት ሁሉ በአንድ ዓይነት አጀማመር ስለሚጀምር ሰፈርተኛው «ክቡር ሆይ» እያለ ይጠራቸዋል።

ልጃቸው የምታመለክተው ጋዜጠኝነት ለመማር ነው። ትምህርት ክፍሉ ከሁለት ሺህ አመልካች ሠላሳ ይቀበላል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ማመልከትም አይፈቀድም። እሷ ዓምና ወድቃለች። አመልካቹ በአካል ሄዶ ስላየው ጉዳይ የጻፈው ጽሑፍ ከቅጹ ጋር መያያዝ አለበት። ከቅጹ ግርጌ ወላጅ የሚፈርምበት ቦታ አለ፤ «ጽሑፉ የአመልካቹ የራሱ ሥራ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል።

አባትየው ሁለት ጽሑፎች ይዘዋል፤ አንዱ እሳቸው የጻፉላት፣ ሌላው የእሷ። እስክሪብቶውም እሳቸው ጋ ነው።

«የኔን አያይዢ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ እጅ ይነሣል። ያንቺ ሰላምታ እንኳ የለው፤ ዘው ብሎ ነው የሚገባው።»

«ዓምናም የእርስዎን ነበር ያያያዝነው፣ አባዬ።»

«የዓምናው ዕድል ነው።»

«ዕድል አይደለም። ሁለት ገጽ ሙሉ በር ስናንኳኳ ቆይተን፣ ልንናገር ስንል ወረቀቱ ያልቃል።»

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ይፍረዱ» አሉ። «በዚህ እጄ የስንቱን እንባ ያበስኩ ሰው ነኝ። ለገዛ ልጄ አልበቃ አልኩ?»

ሥራዬን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ሁለቱንም ጽሑፍ ሰጡኝ። የእሳቸው አንድ ግድፈት የለበትም፤ ያምራልም። አንብቤ ስጨርስ ግን ልጅቷ ምን እንዳየች አላወቅሁም። የእሷ እንዲህ ይጀምራል፦ «የልብስ አጣቢዋ የፍሳሽ ቱቦ ከተሰበረ አሥራ አራት ወር ሆነው።» ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቀዩን እስክሪብቶዬን ረሳሁት።

«አባቴ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

«አጀማመሩን አይቼ ተውኩት።»

«እንግዲያው ልጅዎ ትንገርዎ።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «እርስዎ ከጻፏቸው ማመልከቻዎች የሰባቱን ግልባጭ ይዤ ባለጉዳዮቹ ቤት ሄድኩ። ምን ምላሽ አገኛችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«የደንበኞቼ ቤት? ይኼ ነው ጋዜጠኝነት? የሰው ገመና መልቀም?»

«ፈቅደውልኝ ነው፣ አባዬ። ሁለቱ ምላሽ አግኝተዋል፤ አምስቱ አላገኙም። የልብስ አጣቢዋን ጉዳይ ተከትዬ ውሃና ፍሳሽ ቢሮ ገባሁ። አቤቱታዋ መዝገብ ላይ የለም። ጸሐፊዋ ግማሽ ቀን ፈልጋ የት ያገኘችው ይመስልዎታል? ከምስጋና ደብዳቤዎች ፋይል ውስጥ። አንድ ገጽ ተኩል ውዳሴ ስታነብ ምስጋና መስሏት አስቀምጣዋለች። የቱቦው ጉዳይ የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው።»

ለአሥራ አንድ ስምንት ደቂቃ ይቀራል። ከመስኮቱ ጀርባ ሠራተኛዋ ማህተሞቿን መሰብሰብ ጀምራለች። የእኔ ልብ ተሰቀለ፤ አዛውንቱ ግን ሰዓቱን አላዩትም።

«ሴትዮዋ በየቀኑ ሰላም ትለኛለች» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።»

«ለእርስዎ አዝና ነው። ቆሻሻውን ውሃ እስከ ዛሬ በባልዲ ነው እያወጣች የምትደፋው።»

«ጽሑፍሽ ላይ ማመልከቻውን ማን ጻፈው አልሽ?»

«አባቴ ብያለሁ። ካልፈቀዱ አላስገባውም፤ ዘንድሮም ይቅርብኝ። ደብቄ ግን አልጽፍም።»

ቅስማቸው ሲሰበር አየሁ፤ አዘንኩላቸው። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም። «አባቴ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ሐሰት ላይ ፈርመው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ።»

«እንግዲያው ይህን ያንብቡ። የእርስዎን ጽሑፍ ካያያዙ የሚፈርሙት ምን ላይ ነው?»

በጣታቸው እየተከተሉ የማረጋገጫውን ቃል አነበቡ። «እኔ እኮ ሰው ማክበር ነው ያስተማርኳት» አሉ።

«አስተምረዋታል። እሷ ያከበረችው ግን አንባቢውን ብቻ አይደለም፤ ባልዲ የምትሸከመውንም ሴት ነው። ሄዳ አየች፣ ጠየቀች፣ ያገኘችውን በቀጥታ ነገረች። ትምህርት ክፍሉ የሚፈልገው ይህንን ነው። የተበደለ ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

የራሳቸውን ጽሑፍ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የእሷን ከቅጹ ጋር አያይዘው ፈረሙ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ስትደርስ መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። ወረቀቱን በክፍተቱ ዘረጋች። ሠራተኛዋ ሰዓቱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ማህተሙን መልሳ አወጣች።

አዛውንቱ ከወንበሩ ተነሥተው፣ «አሁን ልብስ አጣቢዋ ቤት ውሰጂኝ» አሏት።

ከሦስት ወር በኋላ በፍርድ ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ ጠረጴዛቸው ፊት ሰው ተሰልፏል። አንዱን ባለጉዳይ፣ «መጀመሪያ የምትፈልገውን በአንድ ትንፋሽ ንገረኝ» ይሉታል። ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ። ለልብስ አጣቢዋ አዲስ ማመልከቻ ጽፈውላት ነበር፤ አራት መስመር። ቱቦው በዘጠነኛው ቀን ተጠገነ። የቀሩትንም አራት ባለጉዳዮች ፈልገው እንደገና ጽፈውላቸዋል፤ ሦስቱ ምላሽ አግኝተዋል። አንድ ሰው ልማዱን ቢመረምር የሚጠቀመው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

«ልጅዎስ?» አልኩ እየፈራሁ።

ከደረት ኪሳቸው መታጠፊያው የሳሳ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው።

«ሦስት መስመር ናት» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ክቡር ሆይ የሚል እንዳለ ብዬ ገልብጬ ሁሉ አየሁ። የለም። ግን አንድ ጊዜ አንብቤ ገባኝ፤ ልጄን ተቀብለዋታል።»