ከሽማግሌ የተደበቀች ልጅ

ቡና አምራቹ አቶ ታረቀኝ ከገጠር ቀበሌያቸው ከኮንጋ ተነስተው ዲላ መናኸሪያ ሲደርሱ፣ የታላቋ ልጃቸው የአትጠገብ ፊት በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። በማግስቱ ለታናሿ ለሀኒ ሽማግሌ ይላካል። «እህቷ እብድ ናት» ተብሎ ጋብቻው እንዳይፈርስ፣ አትጠገብን ሐዋሳ አክስቷ ቤት ሊሸሽጓት ነው።

መኪና ሲጠብቁ ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድንገት ከፊታቸው ቆሙ። በዲላ ገበያ ጨው ይነግዱ፣ የሰፈሩን እድርም ይመሩ ነበር። አቶ ታረቀኝ በከተማው እንደሳቸው የሚያከብሩት ሰው አልነበረም።

«ምነው በዚህ ፀሐይ ተሸፋፈንሽ ልጄ?»

«አባባ ነው የሸፈነኝ» አለች አትጠገብ።

አቶ ታረቀኝ አፈሩ። ሴትዮዋን ወደ ጥግ ወስደው ነገሩን በሹክሹክታ አስረዷቸው።

«ምን ላድርግ እትዬ? በዘር ይሄዳል ይላሉ።»

«ስኳርስ በዘር ይሄድ የለም? ስኳር ያለበትን ሐዋሳ ይደብቁታል?»

«ይሄ መንፈስ ነው። ምእመኑ ሁሉ ጸለየላት።»

«ጸሎቱ አይቅር። እኔም ጠበሌን እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ።»

«የምን ኪኒን? የግፊት?»

«የአእምሮ።»

አቶ ታረቀኝ ሳቁ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ግን አልሳቁም።

«እርስዎ? ያን ሁሉ እድርተኛ ጸጥ የሚያሰኙት?»

«እኔው። በልጅነቴ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ቤተሰቦቼ ጓዳ ዘጉብኝ፤ እዚያ ባሰብኝ። በሩን ከፍቶ ሐኪም ቤት የወሰደኝ ወንድሜ ጓንጉል ነው። ይኸው መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነግጄ እኖራለሁ። ለመሆኑ ያረጀ ቡናዎን እንዲያቆጠቁጥ ብለው ከግንዱ የጎነደሉ ጊዜ ጎረቤት ምን አለ?»

«‹ታረቀኝ ለየለት፣ ማሳውን ጨረሰ› አሉ።»

«ታዲያ ጉቶውን ነቅለው ጣሉት?»

«ምን ሲደረግ! ሥሩ ደህና ነው። ጥላ ሳላሳጣው፣ አረሙን እያነሳሁ ታገስኩት። ዛሬ ከማሳዬ ሁሉ አብልጦ የሚያፈራው እሱ…» ብለው ሳይጨርሱት ዐይናቸው ልጃቸው ላይ አረፈ።

«ሽማግሎቹ ነገሩን ሰምተው ቢመለሱስ?» አሉ።

«ይመለሱ። ዛሬ እህቷን የሸሸ፣ ነገ ሀኒ ብትታመም ያስታምማታል?»

«ሐዋሳ! የሞላ!» አለ ረዳቱ። አቶ ታረቀኝ ነጠላውን ከልጃቸው ፊት ገለጡ። «መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ቤታችን» አሏት።

በማግስቱ ሽማግሎቹን እጅ ያስታጠበች አትጠገብ ናት። «ይቺ ማን ናት?» ሲባሉ አባቷ «ታላቋ ልጄ ናት። የአእምሮ ሕመም አለባት፤ መታከም ጀምራለች» አሉ። ትልቁ ሽማግሌ «የኔም እህት እንዲሁ ናት፤ ለሰው ተናግሬ አላውቅም» አሉ። ሀኒም ተዳረች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እውነት ነው። አትጠገብ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ቀስ በቀስ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ቡና ለቀማ ወጣች፤ እናቷም እንግዳ በመጣ ቁጥር መደንገጥ ተዉ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ፣ በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እንድታነብ አደራ ያሉት አትጠገብን ነበር። በወጉ ሕመሙ በስሙ ሳይጠራ «ባደረባቸው ሕመም» ተብሎ ይታለፋል። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ከአእምሮ ሕመም ጋር፣ እየታከሙ፣ በክብር ኖረዋል» ብላ አነበበች።

ከቀብር መልስ አንዲት እናት አቶ ታረቀኝን እጅጌያቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ልጅዎን ያሳከሙበት በየት በኩል ነው?» አለቻቸው።

በጣታቸው አላመለከቷትም። «ነይ» ብለው ፊት ፊት ሄዱ።