አቅማሹ ጣት

አዛውንቱ መውላ ባክሽ ልጃቸው ናሂድ ወንድ ልጅ መገላገሏን ሲሰሙ የማር ብልቃጣቸውን በኪሳቸው ከተቱና በፓኪስታን ሱኩር ከተማ ወዳለው ሆስፒታል መጡ። ሕፃን የአቅማሹን ጠባይ ይወርሳል ስለሚባል፣ ለቤተሰቡ ጨቅላዎች የመጀመሪያዋን ማር በጣታቸው የሚያልሱት እኒህ ታጋሽ አዛውንት ናቸው። ሰው ወዳድ ስለሆኑም በየአልጋው ጎራ እያሉ የማያውቁትን በሽተኛ ሁሉ እጁን ይዘው፣ ቁስሉን ዳስሰው «አላህ ያሽርህ» ሲሉ ቆዩ።

የሕፃናቱ ክፍል በር ላይ ግን ከነርሷ ከሻጉፍታ ጋር ድንገት ተፋጠጡ። የጎረቤታቸው የጀነት ቢቢ ልጅ ናት። አምና የትልቋ ልጃቸው የዙለይኻ ሕፃን በዘጠኝ ቀኑ ሲሞት «የጀነት ቢቢ ዓይን ነው የበላው» ተብሎ፣ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ ከተዉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

«አባባ፣ እጅዎን ይታጠቡ። ማሩም ይቅር፤ ለጨቅላ አይሆንም» አለች በትሕትና።

«ውዱእ አድርጌ ነው የመጣሁት። ከዚህ የነጻ እጅ ከየት ላምጣልሽ?»

«ሲመጡስ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንን ነኩ?»

«በሽተኛ ጠየቅሁ። እሱም ሐራም ሆነ?»

«ጽድቅ ነው። ግን ጥግ ላይ የተኙት ሰውዬ ቁስል መድኃኒት አልበገረውም። እርሳቸውን የነካ እጅ ሕፃኑን ከነካ በሽታውን ይዞለት ይገባል።»

«ሆስፒታል መዳኛ ነው ስንል መታመሚያ ሆነ በይኛ! ይሄ የኛ አገር ጉድ ነው። ፈረንጆቹ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«እዚያም አለ አባባ። በሀብታሞቹ አገር አስተኝተው ከሚያክሟቸው መቶ ሰዎች ሰባት ያህሉን እዚያው ሌላ በሽታ ይይዛቸዋል። እንደኛ ባሉት አገሮች ዐሥራ አምስት ያህሉን። አብዛኛው በእጅ የሚተላለፍ ነው፤ ውሃና ሳሙና ይመልሰዋል።»

አዛውንቱ ጣታቸውን አዩ። ግድግዳውን ተደገፉ። የዙለይኻም ልጅ የተወለደው እዚሁ ነበር፤ ያን ቀንም በየአልጋው ዞረው ነበር ወደ እርሱ ገብተው ማር ያላሱት።

«ሻጉፍታ...» አሉ። «ያንን ልጅ የገደልሁት እኔ ነኝ?»

«አላውቅም አባባ። መማል አልችልም። የእናቴ ዓይን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።»

 ብልቃጡን ሰጧትና ክርናቸው ድረስ ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። የልጅ ልጃቸውን ከሩቅ አይተው፣ ስም አውጥተውለት ወጡ። ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ዘመድ ሁሉ «አንድ አንድ እየሆናችሁ፣ ታጥባችሁ!» ሲሉ ሰነበቱ። አክስቶቹ አጉረመረሙ፣ ግን ታጠቡ። ሕፃኑም እናቱ እስክታገግም ቆይቶ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጡቱን እየጠባ በጤና ከሆስፒታሉ ወጣ።

ሲወጡም አዛውንቱን ሻጉፍታ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

«እናትሽ ቤት ናት?» አሉ።

«ናት። መልእክት አለዎት?»

«የለም። ይሄ በሰው አፍ የሚላክ አይደለም፤ እኔው እሄዳለሁ።»