ጋሽ ከፋለና ትልቁ ካሜራ

ጋሽ ከፋለ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩባት ባጃጅ የላሊበላ ዳገት መሀል ላይ ተንተፋትፋ ቆመች። አብራቸው የወረደችው ተሳፋሪ መምህርት ፍሬ ሆና ተገኘች፤ ጋሽ ከፋለ በዚያች ቀን ሊያገኟት የማይፈልጉት ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ከፋለ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሊበላን ሊቀርጹ ለሚመጡ ፈረንጆች የካሜራ ማቆሚያ ሲሸከሙ ኖረዋልና፣ ትከሻ የማያጎብጥ ካሜራ ለእርሳቸው የልጅ መጫወቻ ነው። «ትልቅ ካሜራ እስኪገኝ የጋዜጠኝነት ትምህርቱ ይቁም፤ ክፍሉም የስባሪ ወንበር ማስቀመጫ ይሁን» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ውሳኔው ነገ ነው። ትምህርቱ ደግሞ የፍሬ ነው።

ሹፌሩ ሞተሩን ሲጎረጉር ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሸመትሽ፣ ልጄ?»

«የክፍሌን ዕቃ ስሰበስብ ውዬ ነው፣ ጋሽ ከፋለ።» ከቦርሳዋ የወንድሟን አሮጌ ስልክ፣ አንገትጌ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ፣ መቋሚያ ጠራቢው አራጋው ከትርፍራፊ እንጨት የሠራላትን የስልክ ማቆሚያ አወጣች።

ጋሽ ከፋለ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በሞቴ! ቴሌቪዥን ጣቢያው ይኼ ነው?»

«ይኸው ነው። ስልክ በየቤቱ አለ፤ የቪዲዮ ማቀናበሪያውም በነፃ ይጫናል። ማይኩ ቢወደድ የአንድ ዶሮ ዋጋ ነው።»

«ዶሮስ ወጥ ይሆናል! የላስታን ነፋስስ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ጋቢ እንከልልበታለን።»

«ወይ ጉድ! ካሜራ ማለት እኮ ሰው ገና ሲያየው ልብሱን የሚያስተካክልለት ነው።»

«እንዲያ ያለውን ከየት እናምጣው?»

«እንጠብቃ! አንድ በጎ አድራጊ አይጠፋም።»

«ስንጠብቀው የኖርነው መጣ?»

«መንገድ ላይ ይሆናል።»

«እርሱ እስኪደርስ ልጆቹ ይመረቃሉ።»

በጋሽ ከፋለ ብቻ አንፍረድ። ትልቁን እየጠበቀ በእጁ ያለውን የሚንቅ ሰው በየመንደሩ ሞልቷል፤ ይህን የምጽፈው እኔም ከዚያው መንደር ነኝ።

«ከፈቀዱልኝ ልቅረጽዎት» አለች ፍሬ በትሕትና።

«ሰኪው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ከሚያህል ነገር ምን ይመጣል?»

ማይኩን ሰካችና የሰፈራቸው የውሃ ቦኖ ለምን እንደደረቀ ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ ጋሽ ከፋለ ተነሡ! ፓምፑ መበላሸቱን፣ ሊጠግን የመጣው ሰው ምሳ በልቶ መሄዱን፣ አሮጊቶች ጀሪካን አዝለው ቁልቁል መውረዳቸውን፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ዘረገፉት። መቀረጻቸውንም ረሱት።

ፍሬ መልሳ አሰማቻቸው።

«ይኼ ሰውዬ ማን ነው? ደኅና ይናገራል» አሉ። ቀጥሎ ያ ምሳ በልቶ የሄደው ሰው ነገር ሲነሣ ደነገጡ። «እኔ ነኝ እንዴ!»

እስኪያልቅ አደመጡ። «ስንቱን ካሜራ ተሸከምኩ፣ ልጄ። ባለቤቶቹ የሚጠይቁኝ ስለ ነገሥታቱ ነበር፤ እሱንም በኋላ ይቆርጡታል መሰለኝ፣ አንዱም ፊልም ላይ አለህ ሲሉኝ አልሰማሁም። ስለ ውሃችን የጠየቀኝ የለም።»

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆመው የራሳቸውን ሐሳብ ራሳቸው ጣሉት። «ልጆቹ መጠየቅ ይማራሉ፤ የሰፈሩ ችግር ይሰማል። ባላቸው ስልክ ዛሬውኑ መቅረጽ ይጀምሩ። ውድ ዕቃ ብናገኝማ እንዳይሰበር ብለን ሳጥን ውስጥ ነበር የምንደብቀው፤ እንተዋወቅ የለ!» ኮሚቴው ሳቀ፤ ትምህርቱም እንዲቀጥል ወሰነ።

ሲወጡ ዓለምእሸት የተባለች የክፍሉ ተማሪ ማይኩን ይዛ ከፍሬ ጋር በር ላይ ጠበቀቻቸው። የምትጠይቃቸው ስለ ቦኖው መስሏቸው ማይኩን በኩራት አሰክተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ከፋለ፣ ክፍላችንን ለስባሪ ወንበር ሊሰጡብን የነበረው ለምንድን ነው?»

ወደ ፍሬ ዞሩ። ፍሬ ስልኩን ማቆሚያው ላይ ማስተካከሏን ቀጠለች።

«ሳላውቅ ነዋ» አሉ። «ከባድ ስሸከም ስለኖርኩ ከባዱ ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ነው። ተሳስቻለሁ። ይኼን ደግሞ እንዳትቆርጪው!»