ማሽላው በቀትር

ባጃጅ ወደ ከሚሴ ከተማ በገባበት ሰሞን፣ ዝናብ ባጠረበት ክረምት፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ስወርድ ሸህ ኑርሁሴን ከማሽላቸው ዳር እሾህ ሲከምሩ አገኘኋቸው። ከእርሻ ኮሌጅ የመጣችው የወንድማቸው ልጅ ፋይዛ ትሟገታቸዋለች።

«መምህር፣ እስቲ ፍረደን» አሉኝ። «ጎረቤቴ ረቢአ ቀትር ላይ ውሃ ልትቀዳ በዚህ ባለፈች ቁጥር ማሽላዬ ቅጠሉን ይጠቀልላል። ወላሂ ዓይኗ ነው! መንገዱን ዘጋሁባት።»

ረቢአ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አሁን ውሃ ተሸክማ በሩቁ ትዞራለች። ሸህ ነገሩን መስጊድ ደጃፍ ስለተናገሩት ልጆቿን የሚያጫውት ጠፍቷል።

«አጎቴ፣ ዛሬ አልፋለች?» አለች ፋይዛ።

«በየት ታልፋለች? አጥሬዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ዛሬስ ለምን ተጠቀለለ?»

«ዓይን ከሩቅም ይደርሳል፣ ልጄ።»

ሸህ መልስ የሚያጡ ሰው አይደሉም። ፋይዛ ግን ማሳው ውስጥ ወዳለው ግራር ወሰደችን።

«ዘሩ አንድ፣ የተዘራበትም ቀን አንድ ነው። ጥላ ሥር ያለው ቅጠሉን ዘርግቷል፤ ፀሐይ ላይ ያለው ጠቅልሏል። የረቢአ ዓይን ጥላ ይፈራል እንዴ?»

ሸህ ጎንበስ ብለው የጥላውንና የፀሐዩን ቅጠል በእጃቸው ዳሰሱ።

«ማሽላ ሙቀት ይሰማዋል፣ አጎቴ። ሙቀት ሲበረታና ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ጠቅልሎ ፀሐይ የሚያርፍበትን ያጠባል፤ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ በውስጡም ከሙቀት የሚከላከለውን ነገር ያዘጋጃል። ጠዋት ተዘርግቶ ካገኙት ደህና ነው። ጠዋትም ካልተዘረጋ ክፉኛ ጠምቶታል። አረሙን ነቅለው ከሥሩ ገለባ ቢያለብሱት እርጥበቱ ይቆይለታል።»

«ጠዋትማ ይዘረጋል» አሉ ሸህ ቀስ ብለው። «ጠዋት ዳነልኝ ብዬ አላህን አመሰግናለሁ፤ ቀትር ላይ እሷን እወነጅላለሁ። አስተግፊሩላህ!»

ይህን ሲሉ ረቢአ ጀሪካን አዝላ በሩቁ መንገድ ብቅ አለች። ሰላምታ ሰጠችን፤ ማሽላውን እንዳታይ ግን በዚያ በኩል ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። እኔ እንኳ አፈርኩ። ሸህ አንገታቸውን ደፍተው እሾሁን በባዶ እጃቸው ይጎትቱ ጀመር። ፋይዛ ልታግዝ ብትጠጋ «ተዪኝ» አሏት።

ጁምዓ ዕለት እዚያው መስጊድ ደጃፍ ጥፋታቸውን ተናገሩ። ማሽላውም ገለባ ለብሶ ለፍሬ በቃ። ዛሬ በሰፈሩ ማሽላ ሲጠቀለል ሰው አፈሩን ቆፈር አድርጎ እርጥበቱን ያያል እንጂ ጎረቤቱን አይጠረጥርም። የረቢአ ልጆች ጓደኞችም ተመልሰዋል።

ረቢአ ግን በማሽላው ዳር ስታልፍ እጇ ሳታስበው ወደ ሻሿ ይሄዳል። ሸህም ባዩዋት ቁጥር ሥራቸውን ትተው ይቆማሉ።

«እዪው እህቴ» ይሏታል። «በአላህ፣ እዪው።»